ባለቤቴ ትሾልክበት የነበረው መንገድ

ባለቤቴ የስፌት ጌጥ መሰብሰብ የጀመረችው ጡረታ በወጣችበት ዓመት ይመስለኛል። ልጄ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው ትላለች፤ እናቷ ገና በማስተማር ላይ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እየወጣች ሙዳይና አገልግል ፎቶ ስታነሣ ታስታውሳለች። ሁለታችንም በያዝነው እርግጠኞች ነን፤ ሁለታችንም ልክ ልንሆን ግን አንችልም። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ማስረጃ የሌለውን ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መጻፍ ይከብደኛል። ስለዚህ አንባቢ ከዚህ በታች ባለው ዐረፍተ ነገር ሁሉ ውስጥ «እንደሚመስለኝ» የሚል ቃል እንዳለበት ቆጥሮ ቢያነብልኝ እወዳለሁ።

የማልጠራጠረው ስብስቡን ነው፤ ዛሬም አለና። ፎቶዎቹ በየገበያው ተለይተው ተቀምጠዋል፦ የገሳይ ለብቻው፣ የእብናት ለብቻው፣ ከጣራ ገዳም በታች ካለው ገበያ የተገኘውም ለብቻው። ባለቤቴን የሚያስደንቃት አንድ ጌጥ ከገበያ ወደ ገበያ ሲሻገር የሚደርስበት ለውጥ ነበር። ገሳይ ላይ በቀይና በጥቁር አለላ የተሰፋው፣ እብናት ሲደርስ አረንጓዴ ጨምሮ፣ ማዕዘኑ ለስልሶ ታገኘዋለች። ያን ጊዜ ሁለቱን ፎቶዎች እያፈራረቀች ለማየት ትፈልጋለች። ነገሩ የተጀመረው ከዚህች ከማፈራረቅ ፍላጎቷ ነው።

ልጃችን የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ሥራዋን የምትሠራው እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከቤታችን ሆና ነው። የእናቷን ፎቶዎች ማንም በኢንተርኔት ከፍቶ እንዲያያቸው አድርጋ አሰናዳችላት፤ በእናቷ ማሽን ላይ የተቀመጡትን ፎቶዎች ጠያቂ በስማቸው ሲጠይቅ አውጥታ የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ፕሮግራምም ጻፈች። እያንዳንዱ ገበያ የራሱ ማኅደር ነበረው፤ ልጄ ፎልደር ነው የምትለው። ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ለመሄድ ወደ ፊት ገጹ ተመልሶ እንደገና መግባት ያስፈልግ ነበር። የእኛ ሰፈር ኔትወርክ ደግሞ የታወቀ ነው። ባለቤቴ የፊት ገጹ እስኪከፈት ሽሮው ይበስላል እያለች ትቀልድ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን አንድ ልማድ ልናገር፤ ያለዚያ የልጄ ስሕተት ከየት እንደ መጣ አይገባም። በእኛና በጎረቤታችን ግቢ መካከል ያለው የባሕር ዛፍ አጥር ከጓሮ በኩል አንድ መሹለኪያ አለው። ጎረቤታችን ባሏ ጨርቅ የሚነግድ ሙስሊም ሴት ናት፤ ከባለቤቴ ጋር በወጣትነታቸው ነው የተዋወቁት። በፊት ለፊት በር የገባ ሰው እንግዳ ነው፤ ይነሡለታል፣ ወንበር ይጠረግለታል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል። በመሹለኪያው ለገባ ማንም አይነሣም። ወንፊት ይዞ ይሄዳል፣ ሙቀጫ ይመልሳል፣ ወጥ ቤት ቆሞ ያወራል። አጥር ሲታደስ እንኳ አጣሪው ያቺን ቦታ እንዲያልፋት ይነገረዋል፤ የዘጋት እንደሆነ ሁለቱ ቤቶች የተጣሉ ይመስላል። እንዲህ ባለ ግቢ ያደገ ልጅ፣ አጥር ማለት በጓሮ በኩል ክፍት የሆነ ነገር ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ባለቤቴም ልጇን የጠየቀቻት በዚሁ ቋንቋ ነበር። «ከገሳይ እብናት ለመሄድ እንደገና በትልቁ በር ልግባ? ጎረቤታሞች እኮ ናቸው። በጓሮ አሾልኪኝ እንጂ።»

ልጄ አሾለከቻት። በኮምፒውተር ዓለም ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነጥቦች «ከዚህ ማኅደር ወጥተህ ወደሚያቅፈው ሂድ» ማለት ናቸው። ባለቤቴ በገሳይ ገጽ ላይ ሳለች በአድራሻው ሁለቱን ነጥቦች፣ ከዚያም የእብናትን ስም ስትጽፍ ወዲያው እብናት ትገኛለች። ፕሮግራሟ ጠያቂው የጻፈውን ስም ተቀብላ በማኅደሩ አድራሻ ላይ ትቀጥለዋለች፤ የተቀጠለው አድራሻ ወዴት እንደሚያደርስ አትጠይቅም። ይህ እንዲሆን የተደረገው ለአንዲት እናት ነው። እርሷም ነጥቦቹን ስትጽፍ ጣቷ አክርማ በወስፌ እንደሚያሳልፍ ሰፊ ፈጣን ነበር።

ከዚያ ልጄ ያቺን ፕሮግራም የፈለገ ሁሉ ያለ ክፍያ ወስዶ በራሱ ሥራ ውስጥ እንዲጠቀምባት በይፋ አወጣቻት። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለውን ላይብረሪ ይሉታል፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገነቡበት የተዘጋጀ ቁራጭ ነው። የማናውቃቸው ሰዎች በማናውቃቸው አገሮች ወሰዱት። ባለቤቴ ያመሰግኑሽ እንደሆን ብላ ጠየቀቻት። አንዳንዶቹ ያመሰግናሉ፤ ብዙዎቹ ከየት እንዳገኙት እንኳ አያውቁም ብላ መለሰችላት። «ታዲያ እርሾ በይው» አለች ባለቤቴ፣ ፊቷን ከስክሪኑ ሳታነሣ። ልጄ ይህን ስትሰማ ምን ያህል ደስ እንዳላት አስታውሳለሁ፤ ቢያንስ አሁን ሳስበው ደስ ያላት ይመስለኛል።

ባለቤቴ ካረፈች ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ሕመሟ ከአንገቷ ነበር የጀመረው። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በእርሷ ማሽን ፊት ተቀምጬ ስፌቶቹን አያለሁ። የስፌት ዕውቀት የለኝም። አለላውን ከአክርማው ለይቼ ማወቄ ራሱ የእርሷ ትምህርት ነው። ነጥቦቹን መጻፍ ያስተማረኝ ግን የለም፤ አጠገቧ ስቀመጥ ጣቶቿን እያየሁ ለመድሁት። ከገሳይ ወደ እብናት፣ ከእብናት ወደ ጣራ ገዳም ስሻገር እርሷ በሄደችበት በዚያው መንገድ እሄዳለሁ። በፊት ገጹ በኩል ገብቼ አላውቅም።

መልእክቱ የመጣው ዝናቡ በጠናበት ሰሞን ነው። አገሩን ያልነገረን አንድ ባለሙያ ለልጄ በጨዋ ቃል ጻፈላት። ላይብረሪሽን መረመርሁ፤ ሁለቱ ነጥቦች ደጋግመው ከተጻፉ ጠያቂው ከተፈቀደለት ማኅደር ወጥቶ በማሽኑ ውስጥ ወዳለው ወደ ማንኛውም ነገር መድረስ ይችላል የሚል ነው። ላይብረሪውን ከሚጠቀሙት መካከል አንድ የሕክምና ቤት እንዳለም ጠቆማት። በሙያቸው ልማድ መሠረት፣ ቀዳዳውን እስክትዘጋ ድረስ በተስማሙበት ቀጠሮ ዝም እንደሚልና ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው እንዲጠነቀቅ ነገሩን በይፋ እንደሚያወጣው ገለጸ።

ልጄ ይህን የነገረችኝ ምሳ ላይ ነው። የሒሳብ ሰው ነኝና የመውጣቱን ወሰን ጠየቅሁ፤ ስንት ጊዜ መውጣት ይቻላል?

«የፈለገውን ያህል ነው፣ አባባ።»

«ጫፍ ላይ ሲደርስስ?»

«ጫፍ ላይ ሲደርስ መውጣቱ ያልቃል። ከዚያ በፈለገው በኩል ይወርዳል።»

እንጀራውን ቆርሳ ሳትጎርሰው እንደያዘችው ቆየች። በእርሷ ሥራ ምክንያት የማታውቀው በሽተኛ ገመና በማታውቀው ሰው እጅ ይወድቅ እንደሆነ ነበር የምታስበው። እኔም ይህን ስላየሁ ነገ ጠዋት ቀዳዳውን ዘግታ ትገላገላለች ብዬ አሰብሁ። እንደ ገባኝ ከሆነ ሥራው የአንድ ጠዋት ነበር።

ነገር ግን ጠዋቶቹ ተከታትለው አለፉ። ልጄ ከማሽኑ ፊት ትቀመጣለች፣ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፤ ከዚያ ሰው ጋር ይጻጻፋሉ፤ ነገሩ አይቋጭም። ጎረቤታችን አንድ ቀን በጓሮ በኩል ወንፊት ልትመልስ መጥታ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ትመለከታት ኖሯል።

«ወላሂ፣ ይህቺ ልጅ ከኮምፒውተሩ ጋር ተኳርፋለች» አለችኝ። «ታፈጥበታለች እንጂ አትነካውም። አንቱም ዝም ብለው ያዩአታል። ሽማግሌ አይደሉም? ያስታርቋቸው እንጂ።»

ልጄ ከውስጥ ሆና፣ የኮምፒውተር ሽምግልና ከአባቷ አቅም በላይ እንደሆነ ተናገረች። ጎረቤታችን ሣቀች፤ ወንፊቱን ሰቅላ በመጣችበት ሄደች። እኔ ግን ነገሩን ያዝሁት።

በማግሥቱ ይሁን በሣልስቱ፣ ልጄ ድንች ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥሁና ለምን እንደ ዘገየ ጠየቅኋት። መዝጊያውን ሠርታ ከጨረሰች እንደ ቆየች ነገረችኝ። የቀረው አንድ ነገር ነው፦ መዝጊያው ማብሪያና ማጥፊያ እንዲኖረው፣ መንገዱ ክፍት እንዲሆንለት የሚፈልግ ሰው በራሱ ማሽን ላይ ከፍቶ እንዲተወው ለማድረግ ፈልጋለች። ያ ሰው ግን አልተስማማም። ማብሪያ ካለ አንዱ ከፍቶት ይረሳዋል፤ የተረሳው ደግሞ የሕክምና ቤቱ ማሽን ሊሆን ይችላል ባይ ነው። እውነቱን እንደሆነ እርሷም ታውቃለች።

«ታዲያ ክፍት እንዲሆን የሚፈልገው ማነው?» አልኋት።

የድንቹን ልጣጭ በአንድ ቁራጭ ሳይበጠስ አውርዳ ሳህኑ ውስጥ ጣለችው።

«አንቱ ነዎት» አለች በመጨረሻ። «በየቀኑ በእማማ መንገድ ነው የሚሄዱት። ከኋላዎ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ እንዴት አድርጌ ልዝጋብዎት?»

ዝጊው ማለት እንደሚገባኝ አውቅ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «እስኪ ላስብበት» የሚል ነው። ዕድሜ ልኬን ጥንቁቅ ነኝ፤ ጥንቃቄ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የማይፈልጉትን ነገር ማዘግያ ይሆናል። በዚያ ቀንም ስፌቶቹን ከፍቼ ሁለቱን ነጥቦች ጻፍሁ። ከገሳይ እብናት ገባሁ። ጌጡ አረንጓዴ ጨምሮ፣ ማዕዘኑ ለስልሶ ቀረበልኝ።

ከዚያ አንድ መላ የመጣልኝ መሰለኝ። ለሌላው ሁሉ ዝጊና የእኛን ማሽን ብቻ እንደ ነበረ ተይው አልኋት። ልጄ ይህን ሳታስብበት አልቀረችም። የእኛም ማሽን ለውጭ ሰው ክፍት እንደሆነ፣ ስፌት የሚማሩ ልጃገረዶች ከየቦታው ጌጦቹን ከእርሱ ላይ እንደሚያዩ፣ የሌላውን በር ዘግታ የራሷን ብትተወው እንደማያምርባት አስረዳችኝ።

«ከእኛ ማሽን ምን ይወሰዳል?» አልኋት። «እኛ የሕክምና ቤት አይደለንም።»

«ይተውት፣ አባባ።»

«ምሳሌ አሳዪኝ። ያለ ምሳሌ አይገባኝም።»

አጥብቄ ስለ ያዝኋት በእናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ የገሳይ ሙዳይ ከፈተች። በአድራሻው ላይ ነጥቦቹን ጻፈች፤ ደገመች፤ እንደገና ደገመች። ከዚያ የአንድ ሌላ ማኅደር ስም ጨመረች። ኔትወርኩ ያን ዕለት ፈጣን ነበር።

የመጣው የባለቤቴ ፎቶ ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሻሿን አውልቃለች፤ ፀጉሯ በመድኃኒቱ አልቋል። አንገቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ እብጠቱ እንዲታይ ይዛዋለች። ልጄ ያነሣቻት ለሐኪሙ ሊላክ ነው። ያኔ እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርሁ፤ ባለቤቴ «ለሐኪሙ ብቻ» ስትል ሰምቻለሁ። ይህን ልጄም ሰምታዋለች፤ በዚህ እንኳ አንለያይም።

ባለቤቴ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆና ራሷን ሳትሸፍን ከእኛና ከሐኪሙ በቀር ማንም አላያትም። ጎረቤታችን በጓሮ ስትገባ ባለቤቴ ኮቴዋን ከሩቅ ታውቀው ነበር፤ ኮቴውን ስትሰማ እጇ ወደ ሻሿ ይሄድ ነበር። ያቺ ሴት ስንት ዘመን በመሹለኪያው ስትመላለስ ከወጥ ቤቱ አልፋ፣ ሳትጠራ መኝታ ቤት ገብታ አታውቅም። ማንም አትግቢ ብሏት አይደለም። ወዴት እንደምትደርስ እየጠየቀች ትሄድ የነበረችው ራሷ ናት።

የልጄ ፕሮግራም ግን ይህን የምትጠይቅ ጎረቤት አይደለችም። የትም አገር የተቀመጠ፣ ስሙን የማናውቀው ሰው፣ ከአንድ ሙዳይ ተነሥቶ እዚህች ሴት ፊት መድረስ ይችል ነበር።

«ማንም?» አልሁ።

«የማኅደሩን ስም የገመተ ሁሉ።»

«የገመተ ሰው አለ?»

«አላውቅም። አለ ብዬ አልምልም፤ የለም ብዬም አልምልም።»

ፎቶውን ቶሎ አልዘጋችውም። ሁለታችንም አየናት። ባለቤቴ ከዚያ ፎቶ ላይ ሆና ወደ መስኮቱ እንጂ ወደ እኛ አትመለከትም። ባየችን ምን ትል እንደ ነበር ለመገመት ሞከርሁ። ግምቴን ግን አላምነውምና እዚህ አልጽፈውም።

«ዝጊው» አልኋት።

«አንቱስ?»

«እኔ በፊት ለፊቱ እዞራለሁ።»

«ይረዝምብዎታል።»

«ይርዘምብኝ።»

ልጄ በዚያው ሰዓት ፎቶውን ከማሽኑ አንሥታ ከኢንተርኔት ጋር ወዳልተገናኘ ቦታ አዛወረችው። ከዚያ ማብሪያና ማጥፊያ የሌለውን መዝጊያ አዘጋጀች። ምን እንዳደረገች ስትገልጽልኝ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀላል የሆነው ግን ከተገኘ በኋላ ነው። ድሮ ፕሮግራሟ የተጻፈላትን አድራሻ እንዳለ ተቀብላ ፎቶውን ታወጣ ነበር። አሁን አስቀድማ በአድራሻው ላይ እርምጃ በእርምጃ እስከ ጫፉ ትሄዳለች፤ የት እንደሚያደርስ ታያለች፤ የደረሰችበት ቦታ ከተፈቀደው፣ ማለትም ጠያቂው ከተነሣበት ገበያ ማኅደር ውጭ ከሆነ ትከለክላለች። በመንገዱ ምን ያህል እንደ ተጠማዘዘ አትጠይቅም። የምትጠይቀው መጨረሻውን ነው።

ሥራውን ለሕዝብ ከማውጣቷ በፊት ስለ ስሕተቱ የሚወጣውን ማስታወቂያ እንዳነብላት ሰጠችኝ። የትኞቹ ቅጂዎች ጉድለት እንዳለባቸው፣ ተጠቃሚው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳትሸፋፍን ጽፋለች። መጨረሻ ላይ መንገዱ ክፍት የተተወው ለአንዲት ተጠቃሚ ምቾት ተብሎ እንደ ነበረ አንድ መስመር አክላለች። ያን መስመር አውጪው ልላት ብዕሬን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁት። በኋላ ያ ባለሙያ ምስጋናውን ከጻፈ በኋላ ተጠቃሚዋ ማን እንደ ነበረች ጠይቋታል። እንዳልመለሰችለት ነግራኛለች።

ግን ማስታወቂያው የወጣው ከአንድ ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ልጄ የሠራችውን መዝጊያ የሚፈትንላት ሰው ፈለገች።

«ሌባ ይሁኑልኝ» አለችኝ። «እንዳያዝኑልኝ።»

ባለቤቴ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጥሁ። ውጭ ዝናቡ ቆሟል፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ብቻ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ነጥቦቹን ደጋግሜ ጻፍኋቸው፤ ከለከለኝ። በሌላ ማኅደር በኩል ዞሬ ልውጣ ብዬ ሞከርሁ፤ ከለከለኝ። ከዚያ የሒሳብ ሰውነቴ መጣብኝና በነጥቦቹ ፈንታ ማሽኑ ነጥብ ብሎ የሚያነበውን የቁጥር ምልክት ጻፍሁ። ልጄ ከኋላዬ ሆና «ኧረ አንቱ! ይህን ከየት ተማሩት?» ብላ ሣቀች። ከለከለኝ። ከልቅሶው ወዲህ እንዲያ ስትሥቅ የሰማኋት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ሥቃ ከሆነም እኔ አልሰማኋትም።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የገሳይን ገጽ ከፈትሁ። ሁለት ነጥብ፣ ዘንበል ያለች መስመር፣ ከዚያም እብናት ብዬ ጻፍሁ። ይህ ሌብነት አልነበረም። ጣቴ ሳይታዘዝ ያውቀዋል።

ገጹ ነጭ ሆኖ ጥቂት ቆየ። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ እንዲከለክለኝ እንደ ፈለግሁ መጻፍ እወድ ነበር። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ነበርና፣ የማናውቃቸው በሽተኞች በዚህች መልስ ላይ ተንጠልጥለው ነበርና፣ ባለቤቴም ራሷን ተገልጣ ነበርና፣ እንዲከለክለኝ መፈለግ ነበረብኝ። ፈልጌም ይሆናል።

ከለከለኝ።

ልጄ እጇን ትከሻዬ ላይ አኖረች። ጎንበስ አለችና በጆሮዬ በኩል፣ ልጅ ሳለች አንድ ነገር ስትለምነኝ ታባብለኝ እንደነበረው ባለ ድምፅ፣ «አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ፤ እርግጠኛ እንድሆን» አለችኝ።

ደገምሁላት።